ዝም ያለ ቤት ደህና ነው ማለት አይደለም

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኮንትራት፣ ስለ አገር ናፍቆት ብዙ ተጽፏል። የእኔ የዛሬ ጽሑፍ ግን ስለ ኮምፒውተር ነው። «እኛን ምን አገባን» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት አደራ። የምጽፈው ችግር ሲደርስባችሁ መልእክት ስለምትልኩበት የማኅበራችን ቅጽ ነው። ከቅጹ ጀርባ ምን እንዳለ፣ ማንም ሳያውቅ እንዴት ሞቶ እንደነበረ፣ አሁን ደግሞ ሲታመም በምን እንደምናውቅ ልንገራችሁ።

እኔ የተማርኩት እስከ 10ኛ ክፍል ነው። ኮምፒውተር የነካሁትም እዚህ ቤሩት ከመጣሁ በኋላ፣ ማኅበሩ እሁድ እሁድ በሚሰጠው ትምህርት ነው። ስለዚህ እንደ ኢንጂነር ሳይሆን እኔ በገባኝ መንገድ ነው የምጽፈው። እኔ ከገባኝ እናንተም ይገባችኋል።

ከስሞቹ እንጀምር። ቅጹ ስልካችሁ ላይ አንድ ገጽ ሆኖ ነው የሚታያችሁ። ከጀርባው ግን አራት ፕሮግራሞች አሉ። አንዱ ገጹን ያሳያል፣ አንዱ የጻፋችሁትን ይቀበላል፣ አንዱ መዝግቦ ያስቀምጣል፣ አንዱ ደግሞ ተረኛዋ ስልክ ላይ ያደርሳል። መዝግቦ የሚያስቀምጠው ዳታቤዝ ይባላል። እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ለብቻው ታሽጓል። ይህ እሽግ ኮንቴይነር ይባላል። እኔ እንደ አገልግል ነው የማየው። አገልግል ውስጥ እንጀራውም ወጡም አብሮ ስላለ የትም ብትወስጂው ከፍቶ መብላት ብቻ ነው፤ የደረስሽበት ቤት ድስት ይኑረው አይኑረው አያስጨንቅሽም።

ኮንቴይነሮቹ የሚሠሩት ዶራ አካባቢ ባለችው የማኅበሩ ክፍል ውስጥ፣ በስጦታ ባገኘናቸው 3 ያገለገሉ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ሦስቱ በገመድ ተያይዘው እንደ አንድ ሆነው ይሠራሉ፤ እንደ ደቦ ማለት ነው። ይህ ስብስብ ክላስተር ሲባል እያንዳንዱ ኮምፒውተር ኖድ ይባላል። ደቦ ያለ አስተባባሪ አይሆንም፤ የእኛ አስተባባሪ ኩበርኔቲስ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን የመርከብ መሪ የሚይዝ ሰው ማለት ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ለዓለም በነፃ የለቀቀው ነው። እኛ ያለን ለትንንሽ ኮምፒውተር እንዲቀልል ተደርጎ የተሠራው ኬ-ስሪ-ኤስ የሚባለው ዓይነት ነው። ያቆመልን በሙያው እዚሁ ሲሠራ የነበረ ኢትዮጵያዊ ወንድማችን ነው። እሱ አሁን ወደ ሌላ አገር ሄዷል፤ ሥራው በእኛ በተማሪዎቹ እጅ ቀርቷል።

«ለምን ከትልቅ ድርጅት ሰርቨር አትከራዩም?» የሚል ይኖራል። ከ2019 የባንክ ቀውስ ወዲህ ሊባኖስ ውስጥ ሆኖ በካርድ ወደ ውጭ መክፈል አስቸጋሪ ነው። ከእኛ ደግሞ ብዙዎቻችን የባንክ ሂሳብ የሚባልም የለንም። ስለዚህ ባለን ነው የምንሠራው።

ኩበርኔቲስ አንድ የሚወደድ ባሕርይ አለው። ኮንቴይነር ሲወድቅበት መልሶ ያነሳዋል። እንደገና ቢወድቅ 10 ሴኮንድ ጠብቆ ያነሳዋል፣ ደግሞ ቢወድቅ 20 ሴኮንድ፣ ከዚያ 40፣ እያለ እስከ 5 ደቂቃ ድረስ እየጠበቀ ማንሳቱን ይቀጥላል። አይሰለችም። ግን ይኸው ባሕርዩ አታላይም ነው። አንድ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ሲወድቅ ሲነሳ ሊያድር ይችላል፣ ጠዋት ስታዪው ቆሟል። የታመመ ሰው ትኩሳቱን ዋጥ አድርጎ ሥራ እንደሚገባው ማለት ነው። እኛ ይህን አሳምረን እናውቀዋለን።

አምና የሆነው ይህ ነው። አንድ ሐሙስ ማታ ዳታቤዙ ያለበት ኮምፒውተር ዲስኩ ሞላ። ኩበርኔቲስ ኖዱ ላይ ባዶ ቦታ በጣም ሲያንስ ኮምፒውተሩን ለማትረፍ ሲል የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ከላዩ ማስወጣት ይጀምራል። ሌላ ፕሮግራም ቢሆን ወደ ሌላው ኖድ ተዛውሮ እዚያ ይነሳ ነበር። የዳታቤዙ መዝገብ ግን ያለው በዚያው በሞላው ዲስክ ላይ ስለሆነ ሌላ ቦታ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ቦታ እስኪገኝ ድረስ በመጠባበቅ ላይ ሆኖ ቀረ።

ክፋቱ ገጹ ይከፈት ነበር። ገጹን የሚያሳየው ፕሮግራም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ምንም አልነካውም። የሚጻፍበት ሳጥን አለ፣ «ላክ» የሚለው ቁልፍ አለ፣ ቀለሙም ያው ነው። ስትነኪው ግን ክቧ ብቻ ትሽከረከራለች። ዓርብም ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። በእነዚያ ቀናት ተረኛ የነበሩት እህቶች ምንም መልእክት ሳይመጣ ሲቀር ያሉት «ተመስገን፣ በዚህ ሳምንት ችግር የደረሰበት ሰው የለም» ነው። ማን ይፈርድባቸዋል? ስልኩ ዝም ካለ ሰላም ነው ብለን ነው ሁላችንም የምናስበው።

በዚያው ሰሞን አንዲት እህት ደመወዟ ሳይከፈላት፣ በሩ ተቆልፎባት፣ ማታ ማታ ብቻ በምታገኘው ስልክ ደጋግማ ትጽፍልን ነበር። እሁድ በሰው በሰው ድምጿ ሲደርሰን የተናገረችው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አይወጣም። «አይታችሁ ዝም ያላችሁኝ መስሎኝ ነበር» አለች። ምስጋና ለፈጣሪ ከዚያ ቤት ወጥታ አገሯ ገብታለች። ነገር ግን ያቺን ቃል ከሰማን በኋላ ማኅበሩ ውስጥ ሁሉም ሰው አንድ ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ ይህ ነገር ደግሞ ቢደርስ በምን እናውቃለን?

ወንድማችንን በስልክ ስናማክረው የነገረን ቀላል ነበር። ክላስተሩ ውስጥ ፕሮሚቴየስ የሚባል ፕሮግራም ድሮም ነበር። ፕሮሚቴየስ በየደቂቃው እየዞረ እያንዳንዱን ኖድና ኮንቴይነር «ምን ያህል ሚሞሪ ያዝክ? ዲስክህ ስንት ቀረው? ስንት ጊዜ ወደቅህ?» እያለ ጠይቆ ቁጥሩን ይመዘግባል። ሥራው እንከን የለውም። ችግሩ የሚተኛው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። መዝገቡን ያስቀመጠው በዚያው በሞላው ዲስክ ላይ ስለነበር ሐሙስ ማታ አብሮ ወጣ። ዘበኛው ከቤቱ ጋር አብሮ ከተቃጠለ «እሳት!» ብሎ የሚጮህ ማን ይቀራል? ጠባቂው ከሚጠበቀው ቤት ውጭ መኖር አለበት። መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ፣ የእኛ ኢንተርኔት ሲቆረጥ የማይቆረጥ መሆን አለበት።

ለዚህ የሚሆን አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ዳታዶግ፣ ኒው ሬሊክ፣ አዙር ሞኒተር፣ ግራፋና ክላውድ ይባላሉ። ሁሉም በሐሳብ ደረጃ አንድ ናቸው። አንቺ ቤት ውስጥ አንድ ተናጋሪ ታስቀምጫለሽ፣ እሱ በየጊዜው ወደ እነሱ ኮምፒውተር ቁጥር ይልካል፣ እነሱ ቁጥሩን በሥዕል ያሳዩሻል፤ ነገር ሲበላሽም ይደውሉልሻል። እኛ የመረጥነው ግራፋና ክላውድን ነው። ለጀማሪ የሚሰጠው ነፃው ደረጃ የባንክ ካርድ አይጠይቅም፣ 3 ሰው ይገባበታል፣ ለእኛ የሚበቃ መጠንም አለው።

አሁን እንዴት እንደሚያያዝ ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ከባድ ይመስለዋል፤ እኛ ግን ከአንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ብዙም አልበለጠብንም።

በመጀመሪያ ፕላትፎርሙ ላይ አካውንት ከፈትን። ቀጥሎ እዚያው ቶክን የሚባል ረጅም የሚስጥር ቃል አወጣን። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቶክን ስታወጪ ምን ማድረግ እንደሚችል ትመርጫለሽ። ለእኛ ያወጣነው መጻፍ ብቻ የሚችል፣ ማንበብ የማይችል ነው። ደብዳቤ በሩ ላይ ባለው ቀዳዳ እንደ ማስገባት ነው፤ የምታስገቢው ሰው ውስጥ ያለውን ማየት አይችልም። ቶክኑን አንድ ሌባ ቢያገኘው እንኳ የላክነውን ማየት አይችልም ማለት ነው።

ከዚያ ክላስተሩ ውስጥ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ክፍል ከፈትን። በእነሱ ቋንቋ ኔምስፔስ ይባላል። ቶክኑን እዚያ ውስጥ ሲክሬት በሚባለው ቦታ አስቀመጥነው። ሲክሬት ማለት ምስጢር ስለሆነ የተቆለፈ ይመስላል፤ ግን እንዲሁ ሲታይ ፊደሉ ተቀያይሮ የተጻፈ ብቻ ነው እንጂ የተቆለፈ አይደለም። ወደ ክላስተሩ መግባት የሚችል ሰው ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ የክላስተሩ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ የግድ ነው።

ሦስተኛው ሄልም በሚባለው መሣሪያ ተናጋሪዎቹን መጫን ነው። ሄልም ሶፍትዌር በአንድ ትእዛዝ የሚጭን ነው። የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፤ የክላስተሩን ስም፣ ቁጥሩ የሚላክበትን አድራሻ፣ የአካውንቱን ቁጥርና ቶክኑን። ትእዛዙ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ኖድ ላይ አንዳንድ ኖድ-ኤክስፖርተር ይቆማል፤ ይህ የኮምፒውተሩን የራሱን ጤና ይለካል። በአንድ ኖድ አንድ እንዲሆን የሚያደርገው የኩበርኔቲስ ደንብ ዴመንሴት ይባላል፤ ነገ አራተኛ ኮምፒውተር ብንጨምር ማንም ሳያዝዘው እዚያም ይቆማል። ክዩብ-ስቴት-ሜትሪክስ የሚባለው ደግሞ ለሁሉም አንድ ብቻ ነው። እሱ አስተባባሪውን ኩበርኔቲስን እየጠየቀ «የትኛው ቆሟል፣ የትኛው ወድቋል፣ የትኛው እየጠበቀ ነው» የሚለውን ይቆጥራል። የእነዚህን ሁሉ ቁጥር ሰብስቦ ወደ ውጭ የሚልከው አሎይ የሚባለው ነው።

እኔን በጣም የገረመኝ አንድ ነገር ነበር። እነሱ ወደ እኛ ለመግባት ምንም በር አይፈልጉም። እኔ መጀመሪያ ራውተሩ ላይ የሆነ ቀዳዳ መክፈት ያለብን መስሎኝ ፈርቼ ነበር። አያስፈልግም። ከውስጥ ያለው አሎይ ራሱ ነው ወደ ውጭ የሚደውለው፣ ያውም ማንኛውም ሰው ስልኩ ላይ ድረ ገጽ ሲከፍት በሚሄድበት በ443 ፖርት፣ ተቆልፎ። ከውጭ ማንም አይገባም። ከውስጥ ያለ ሰው ድምፁን ማውጣት ከቻለ ይበቃል ማለት ነው።

ሁሉም ተጭኖ ሳለ ግን ከሦስቱ ኮምፒውተሮች የአንዱ ቁጥር አንዳንድ ጊዜ ይመጣል፣ አንዳንድ ጊዜ ይቀራል። የሚቀረው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው። ሊባኖስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ የመንግሥት መብራት በቀን የተወሰነ ሰዓት ነው፤ የቀረውን ኢሽቲራክ በምንለው በሰፈር ጄኔሬተር ነው የምንኖረው። ሁለት እሁድ ፈልገን ያገኘነው ምክንያት ያስቃል። የዚያ ኮምፒውተር ሰዓት የሚይዝለት የሳንቲም ባትሪ ሞቶ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሰዓቱ ያረጀ ኮምፒውተር ደግሞ የፕላትፎርሙን የደኅንነት ምስክር ወረቀት ሲያይ «ይህ ገና ወደፊት የሚጀምር ነው» ብሎ አይቀበለውም፤ መስመሩም አይከፈትም። ራውተሩ ተነስቶ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ትክክለኛ ሰዓት እስኪያገኝ ድረስ ዝም ይላል። ከሱቅ 2032 የሚባለውን ባትሪ ገዝተን ቀየርንለት፤ አለቀ። ኩበርኔቲስ የሚያህል ነገር ይዘን ያቆመን አንድ የሰዓት ባትሪ ነው።

ከሁሉም በላይ ያከራከረን ግን የቴክኒክ ነገር አልነበረም። ወደ ፕላትፎርሙ የሚላክ ሁለት ዓይነት ነገር አለ። አንደኛው ሜትሪክ ነው፤ ቁጥር ብቻ ነው። ሁለተኛው ሎግ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጽፈው የውሎ ማስታወሻ ማለት ነው። ብልሽት ለመፈለግ ሎግ በጣም ይረዳል። አንድ አብሮን የሚማር ወንድም «ሁሉንም እንላክ፣ ነገር ሲበላሽ ቶሎ እናገኘዋለን» አለ። ሐሳቡ ከሙያ አንጻር ትክክል ነው።

እኔ ግን መጀመሪያ ሎጉን ከፍተን እናንብበው አልኩ። ስናነበው የቅጹ ፕሮግራም መልእክት አልደርስ ባለው ቁጥር መልእክቱን እንዳለ እዚያ ይገለብጠዋል። ስም አለ። ስልክ ቁጥር አለ። የምትሠራበት ቤት አድራሻ አለ። ማዳሟ ስትተኛ ተደብቃ የጻፈችው ሁሉ አለ። ይህ ተነስቶ ሌላ አገር ባለ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ሊቀመጥ ነው። ድርጅቱ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ያቺ እህት የጻፈችው ለእኛ ነው። ለሌላ ሰው እንድናሳልፈው አልነገረችንም።

ብዙዎቻችን የምንሠራበት ቤት ካሜራ አለው። ካሜራው ሳሎን ውስጥም ኩሽና ውስጥም አለ። ስንታመም ግን በካሜራው አይቶ «ምን ሆነሽ?» ያለን የለም። ስለዚህ በመጠበቅና በመሰለል መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም። ስብሰባው ላይ ይህን ስናገር ወንድማችንም ዝም ብሎ ካሰበ በኋላ «እውነትሽን ነው» አለ።

የወሰንነው ይህ ነው። ከሁሉም ነገር ሜትሪክ ይላካል። ሎግ የሚላከው ግን ከኩበርኔቲስ ከራሱ የሥራ ክፍሎች ብቻ ነው። ቅጹ ያለበት ኔምስፔስ ሙሉ በሙሉ ከሎግ መላኪያው ውጭ ተደረገ። የዚያ ሎግ እዚያው ማኅበሩ ክፍል ይቀራል፤ ፕሮግራሙም መልእክቱን እንዳይገለብጥ፣ ቁጥሩን ብቻ እንዲጽፍ ተስተካከለ። ሜትሪክ ላይም ቢሆን መጠንቀቅ አለ። እያንዳንዱ ቁጥር ሌብል የሚባል መለያ ይለጠፍበታል። አንድ ሰው ሳያስብ የላኪዋን ስልክ ቁጥር መለያ ቢያደርገው ምስጢሩ ይወጣል፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ስልክ እንደ አዲስ መስመር ስለሚቆጠር በነፃው ደረጃ የተፈቀደው 10,000 መስመር ወዲያው ያልቃል። እዚህ ላይ የሰው ክብርና የኪስ ነገር ተስማምተውልናል።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው ልምጣ። ቁጥር መሰብሰብ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ማንም ካላየው መዝገብ ነው የሚሆነው። ማስጠንቀቂያው የሚመጣልን በቴሌግራም ነው። አምስት ነገር ላይ ነው ያደረግነው።

አንደኛው ዲስክ ነው። ባዶው ቦታ ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ይናገራል፤ ኩበርኔቲስ ማስወጣት ከመጀመሩ በፊት ማለት ነው። ዲስክ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሌሊት አይሞላም፣ ቀስ እያለ ነው የሚሞላው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ የወደቀ ኮንቴይነር ካለ ነው፤ ያ ትኩሳቱን ዋጥ አድርጎ የሚሠራው እንዳይደበቅብን። ሦስተኛው ከኖዶቹ አንዱ ከደቦው ሲጠፋ ነው። አራተኛው እኔ የምወደው ነው። በየሰዓቱ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ልክ እንደ አንዲት እህት ሆኖ «ሙከራ» የሚል መልእክት በቅጹ ይልካል። መልእክቱ እስከ መጨረሻው ደርሶ ካልተመዘገበ ይጮሃል። ገጹ ቢከፈትም ባይከፈትም ለእኛ ዋናው የተላከው መድረሱ ነውና።

አምስተኛው ዝምታ ነው። ይህን በደንብ ላስረዳ። «ዲስኩ 80 በመቶ ሲሞላ ንገረኝ» ብለሽ ብታዢ፣ ኮምፒውተሩ ጭራሽ ከጠፋ ምንም ቁጥር አይመጣም። ያልመጣ ቁጥር ደግሞ ከ80 አይበልጥም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው እንደ አቀማመጡ ምንም ሳይል ሊቀር ይችላል፤ ሁሉ ሰላም የሚመስለው ያኔ ነው። ለብቻው «ለ20 ደቂቃ ምንም ካልሰማህ፣ አለመስማትህን ንገረኝ» ተብሎ መታዘዝ አለበት። ይህን ማድረግ የሚችለው ውጭ ያለው ጠባቂ ብቻ ነው፤ ውስጥ ያለውማ አብሮ ዝም ብሏል።

የመጀመሪያው ወር ቴሌግራሙ እረፍት አልሰጠንም። መብራት ሄዶ ኢሽቲራክ እስኪመጣ ባለችው ትንሽ ደቂቃ ሁሉ ይጮሃል። ከሳምንት በኋላ ልጆቹ ድምፁን አጠፉት። ትምህርት ቤት እያለን «ተኩላ መጣ» እያለ ያታለለውን እረኛ አንብበን የለ? እንዲያ ሆነ። ስለዚህ ኖድ ሲጠፋ ወዲያው ሳይሆን 15 ደቂቃ ጠብቆ እንዲናገር አደረግነው። ጄኔሬተሩ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይነሳል፤ ካልተነሳ እውነትም ችግር አለ። አሁን ቴሌግራሙ ሲጮህ ሰው ይነሳል።

ማን ነው የሚነሳው የሚለውም ቀላል አልነበረም። እንደ እኔ ማዳም ቤት የምታድር ሰው ቀን ስልኳን አትይዝም፤ ማታ ነው የምታየው። ስለዚህ ተራውን በሦስት ከፈልነው። ቀን ራሷን ችላ ተከራይታ የምትሠራ እህት ትይዛለች፣ ማታ እኔ፣ ሌሊት ደግሞ አገሯ የገባች የቀድሞ አባላችን አዲስ አበባ ሆና ታያለች። እሷ የክፍሉ ቁልፍ የላትም፣ ግን ደውላ ትቀሰቅሳለች። ፕላትፎርሙ 3 ሰው ነው የሚፈቅደው፤ እኛም 3 ነን።

ይህ ሁሉ ሆኖ ፕላትፎርሙ ምንም አያድንም። የሞላ ዲስክ አያጸዳም፣ የሞተ ባትሪ አይቀይርም። መናገር ብቻ ነው ሥራው። ዶራ ድረስ ሄዶ በሩን የሚከፍት ሰው ከሌለ ቁጥሩ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛም ቢያንስ ከመደበቅ ወጥተናል። ካያያዝነው ወዲህ ዲስኩ ሁለት ጊዜ ሊሞላ ሲል ቀድሞ ነግሮን አጽድተናል። በሁለቱም ጊዜ ቅጹ አልቆመም፤ ከእናንተ መካከልም ማንም አላወቀም።

ለእናንተ የሚጠቅመውን ላስታውስና ልጨርስ። አሁን መልእክት ስትልኩ «ደርሷል» ከሚል ቃል ጋር አንድ ቁጥር ይመጣላችኋል። ቁጥሩን ያዙት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቁጥር ካልመጣ አልደረሰም ማለት ነውና በመጽሔቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ ባለው ስልክ ደውሉ፣ ወይም በሰው ላኩ። አይተው ዝም አሉኝ ብላችሁ አትቅሩ። ደግሞ በየቤታችሁ ያላችሁ እርስ በርሳችሁም እንዲሁ ሁኑ፤ በየሳምንቱ የምትደውል ጓደኛችሁ አንድ ሳምንት ድምጿ ከጠፋ «ደህና ብትሆን ነው» ብላችሁ አትለፉ፣ ጠይቁ።

ይህን ሥራ መማር የምትፈልጉ እሁድ ከሰዓት በኋላ ኑ። ሦስታችንም ቀስ በቀስ ወደ አገራችን መግባታችን ስለማይቀር ተተኪ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ አልችልም፣ ትምህርቴ ዝቅተኛ ነው ብላችሁ አትፍሩ። ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ይዛችሁ ኑ፤ ኮምፒውተሩ እዚያ አለ።